ሁለት ዙር ለኬብሉ፣ ስድስት ዙር ለሽቦው

ከአንድ ማሕፀን መውጣታቸውን የሚያውቅ ሁሉ ይገረም ነበር። እህትየው ተናግራ አትጠግብም፤ ወንድምየው አዳምጦ አይሰለችም። እሷ ገና ከበሩ ሳትደርስ ድምፅዋ ቀድሟት ጓዳ ይገባል፤ እሱ ግን ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሊነሳ ሲል ነው “ውይ! አንተ ደግሞ መቼ መጣህ?” የሚባለው። እሷ ስለ አንድ ፊልም ስትተርክ ትረካው ከፊልሙ ይረዝማል፤ እሱ ቀናት የፈጀ የባቡር ጉዞ ተጉዞ ሲመለስ “ደህና ነበር” ብሎ ይደመድመዋል። አባታቸው በልጅነታቸው ግራና ቀኝ አስቀምጠዋቸው፣ “ፈጣሪ የሁለት ሰው አፍ ለአንዷ፣ የሁለት ሰው ጆሮ ለአንዱ ሰጥቶ እኔን መሐል ላይ ያስቀመጠኝ ምን አጥፍቼ ነው?” እያሉ ይስቁ ነበር። ስም የወጣላቸውም ያኔ ነው። እሷ ጣቢያ ተባለች፤ እሱ ጆሮ።

ቅጽል ስሙ ውሎ አድሮ ሙያ ሆነ። ጣቢያ ምሕንድስና ተምራ የሥራ ዘመኗን ሁሉ በአንድ ትልቅ የሬዲዮ ማሰራጫ ውስጥ አሳለፈች። ሥራዋ ማሰራጫውን ከአንቴናው ጋር ማግባባት ነበር። ሁለቱ ለሞገዱ የሚያሳዩት ተቃውሞ ካልተመጣጠነ ኃይሉ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይመለሳል፤ የተመለሰ ኃይል ደግሞ እንደተመለሰ አማላጅ ቂም ይዞ ነው የሚመጣው። በመሐል ገብቶ የሚያስታርቃቸው ሽማግሌ ትራንስፎርመር ይባላል። ጣቢያ እንዲህ ያሉትን ሽማግሌዎች ስትመርጥና ስታስጠቀልል ጸጉሯን አሸበተች። ጆሮ ደግሞ የአየር ጠባይ ተመልካች ሆነ፤ ነፋሱንና ደመናውን ሲከታተል ውሎ ቁጥራቸውን ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚያስተላልፍ ሰው። ሁለቱም ለደመወዝ ሳይሆን ለደስታ የሚወዱት አንድ ነገር ነበራቸው፤ አማተር ሬዲዮ፣ ከማያውቁት ሩቅ ሰው ጋር በሞገድ መጫወት። እዚያም ቢሆን እሷ የምትቀመጠው ለመናገር፣ እሱ የሚቀመጠው ለመስማት ነበር።

ጆሮ ሚስቱን ከቀበረ በኋላ ቤቱ አልበቃው አለ። ከከተማ በጣም የራቀ ተራራ ላይ ላለ የመመልከቻ ጎጆ ሰው ሲፈለግ፣ ማንም ያልጠየቀውን ቦታ ጠይቆ ሄደ። ስልክ አይደርስበትም። የስንቅ መኪና በወር አንዴ ብትወጣ ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ መንገዱ ተቆርጦ እሷም ትቀራለች። የመሥሪያ ቤቱ ሬዲዮ ከቁጥር በቀር የቤተሰብ ወሬ አያስተላልፍም። ስለዚህ ጣቢያ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማስተላለፊያ ሰጥታ፣ በየቅዳሜው ፀሐይ ስትጠልቅ በአንድ ሞገድ ላይ ሊገናኙ ተስማምተው ሸኘችው።

“አደራህን፣ አንዳንዴ እንኳ አፍህን ክፈት” አለችው ሲሰነባበቱ።

“አንቺ ካስተነፈስሽኝ፣ እትዬ” አላት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲደርስ ጣቢያ ከቤቷ ጣሪያ በላይ በቆመው አንቴና የልቧን ተናገረች። ከዚያ ማይክሮፎኑን አስቀምጣ ጠበቀች። የመለሰላት ሹሽታ ብቻ ነበር፤ ቅባት መጥበሻ ላይ ሲንጣጣ እንደሚሰማው ያለ፣ ማለቂያ የሌለው ሹሽታ። በሁለተኛውም ሳምንት፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። የስንቅ መኪናው ሾፌር ከተራራው ሲወርድ ቤቷ ድረስ መጥቶ ጆሮ የላከላትን መልእክት አደረሳት።

“እኔ ምኑም አልገባኝም፣ እንደነገረኝ ነው የምነግርዎት” አለ ሾፌሩ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። “‘እኔ አጥርቼ እሰማታለሁ፤ እመልስላታለሁም። ችግሩ የእሷ መስሚያ ነው። ለመቀበያ ብቻ የሚሆን ረጅም ሽቦ ዝቅ አድርጋ ትዘርጋ። ትራንስፎርመሩ ትንሽ ይሁን፤ ሁለቱ ጥቅልሎች አይነካኩ፤ ግራውንዳቸውም ለየብቻ ይሁን’ ብሏል። ሦስት ጊዜ አስደግሞኛል።”

ጣቢያ ሳቀች። ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። “እኔን? ለአንድ አገር ሕዝብ ሳሰማ የኖርኩትን ሴት? እሱ እኮ ያን ጊዜ የዝናብ መለኪያ ብርጭቆ ነበር የሚያጥበው!”

ሽቦውን ዘረጋችው። የጓሮውን አጥር ተከትሎ፣ በጎረቤት ፈቃድ የጎመን መደቡን ጥግ ይዞ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ የሚሄድ ረጅም ሽቦ ነበር። ትራንስፎርመሩን ግን በራሷ መንገድ ሠራችው። በማሰራጫው ግቢ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያጠናው ሕግ ነበር። ኃይል አይባክን፤ ሽቦው የሚጠቀለልበት ቀለበት አይጋል፤ ብረት የተባለ ሁሉ ወደ መሬት በሚወርድ በአንድ ግራውንድ ይታሰር። ይህን ሕግ የጣሰ ሠራተኛ ወይ ከሥራው ወይ ከሕይወቱ ይሰናበት ነበርና ሕጉ ከአጥንቷ ገብቷል። ስለዚህ እንደ ኩባያ ማስቀመጫ የሰፋ ቀለበት መረጠች፤ በአንድ ወጥ ሽቦ ጠቀለለችና ከመሐሉ ወደ መቀበያው ለሚሄደው ኬብል መውጫ አበጀችለት፤ የኬብሉን የመዳብ ልብስ፣ የአንቴናውንና የቤቱን ግራውንድ አንድ ላይ ጥርቅም አድርጋ አሰረች። ሥራው ሲታይ ያምር ነበር። የምትሰማው ግን ያው ሹሽታ ነበር፤ እንዲያውም ብሶበታል።

እንግዲህ ስህተቱ የእሷ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? ወንድሟ እየጠራት አይደለም ማለት ነው። ዝምታው አድጎ አድጎ ለእሷም ደረሳት ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ የቤቷን ማሰራጫ እስከ ጣሪያው ከፍታ፣ “ወንድሜ ከሆንክ ድምፅህን አሰማኝ፤ ካልሆንክም ሰበብ አትላክብኝ። ከዛሬ ጀምሮ አልጣራም” አለች። መልስ ጠበቀች። ሹሽታ። በማግስቱ ማሰራጫውን ለአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ሰጠችው። ሾፌሩም ተቀየረ። ጆሮ ዕረፍቱን ከተራራው ግርጌ ባለች ትንሽ ከተማ ማሳለፍ ጀመረ፤ ዘመድ “ደህና ነው ወይ?” ሲላት፣ “እሱ መቼ ተናግሮ ያውቃል” እያለች ወሬውን ታስቀይሳለች። እንዲህ እያለ አራት ዓመት ሞላ።

በአራተኛው ዓመት የጥርስ ሐኪም የሆነችው አንድያ ልጇ አረገዘች። ልጅቱና ባሏ ከወላጆቿ ጋር ነበር የሚኖሩት፤ ቤቱ ደግሞ እንደ ድሮ ሸሚዝ እየጠበበ ነው። ዓይናቸው የሬዲዮው ክፍል ላይ ዐረፈ።

“እማዬ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ሬዲዮ እኮ የሚያወራው ከራሱ ጋር ነው” አለች ልጅቱ። “አልጋ ይግባበት። ሕፃኑ ቢያንስ የሚያለቅሰው ምክንያት ኖሮት ነው።”

“እናትሽ ሬዲዮውን ከምታስወጣ እኔን ብታስወጣ ይቀላታል” አለ የጣቢያ ባል ከጋዜጣው ሳይነሳ። በጡረታ ላይ ያለ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀልዱን የሚወረውረው ወደ ኋላ ሳይዞር ነው።

ጣቢያ ግን ያለ ክርክር ተስማማች፤ ይህም ሁሉንም አስደነገጣቸው። መቀበያውን ሊገዛ የፈለገ አንድ አማተር ሰኞ ሊያየው ይመጣል ተባለ። እሷም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሉን ጠርጋ፣ አቧራውን አራግፋ፣ መሣሪያው ይሠራ እንደሆነ ለማየት ከመኪና ባትሪው ጋር አገናኝታ አበራችው። የመቀበያው ጠቋሚ ከአራት ዓመት በፊት ከተወችው ሞገድ ላይ አልተነቃነቀም። ሹሽታው እንደ ድሮ ጠላት ተቀበላት። “አለህ ወይ?” ብላው የመስኮቱን መስተዋት መወልወል ጀመረች። ፀሐይዋ ከጣሪያዎቹ ጀርባ እየወረደች ነበር።

መብራት ጠፋ።

የሰፈሩ መብራት ሁሉ ነው የጠፋው። የጎረቤት የውኃ መሳቢያ አቃስቶ ቆመ፤ ከማዶ የብረት በር የሚሠሩት ልጆች ተሳደቡ፤ ሳሎን ውስጥ ባልየው “ጎል ሊገባ ሲል!” ብሎ ቴሌቪዥኑን ተማጸነ። በባትሪ የሚሠራው መቀበያ ግን አልጠፋም፤ የጠፋው ሹሽታው ነው። በጓሮ በር ላይ የነበረ ከባድ መጋረጃ ድንገት የተነሳ ያህል አየሩ ጠራ። ከጥራቱ ውስጥም፣ ከሩቅ፣ ከቀጭን ክር የቀጠነ የሰው ድምፅ መጣ።

“…ዛሬ ደመናው ከእግራችን በታች ነው የዋለው፣ እትዬ። ሳህን ላይ ያለ ወተት ይመስላል፤ ማንኪያ ቢኖረኝ አልኩ። ባልደረባዬ እንደ ልማዱ ተኝቷል። ያ የነገርኩሽ ጭልፊት ዛሬም የዝናብ መለኪያው አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ነው ያረፈደው። ‘ወይ ተነስ ወይ ቁጥር ጻፍ’ አልኩት…”

መወልወያው ከእጇ ወደቀ። ድምፁ የጆሮ ነው። ቃላቱ ግን የጆሮ አይደሉም፤ ጆሮ እኮ ስለ ጭልፊት የሚቀልድ ሰው አልነበረም። “ያ የነገርኩሽ” አለ። መቼ ነው የነገራት?

“…ጣቢያ፣ ጣቢያ፣ ጆሮ ነኝ። እንግዲህ ባለፈው ሳምንት የነገርኩሽን የሐኪሙን ጉዳይ ሳስብ ሰነበትኩ። ልቤ የቆረጠው ምንድን ነው መሰለሽ፣ መንገዱ ሲከፈት…”

መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑ ጮኸ፤ የውኃ መሳቢያው ተነሳ፤ ሹሽታው ወንድሟን ከነሐኪሙ ዋጠው። ጣቢያ ሮጣ የቤቱን ቆጣሪ አጠፋች፤ ባልየው ለሁለተኛ ጊዜ ጎሉን አጣ። ሹሽታው ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልሄደም፤ የሰፈሩ ሁሉ ጫጫታ በግራውንዱ እየዞረ ይመጣ ነበርና። ቁጭ ብላ ጆሮዋን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጠፈች። ምንም።

በዚያ ምሽት ያገኛት ጸጸት ከዚያ በፊት የምታውቀው ዓይነት አልነበረም። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት። ጠርቷታል። አትጥራኝ ካለችው በኋላም ጠርቷታል። ከቤተሰቡ ሁሉ ቃል የሚቆጥበው ሰው፣ ሚስቱን ሲቀብር እንኳ ሁለት ዐረፍተ ነገር ያልተናገረው ሰው፣ በየቅዳሜው ቁጭ ብሎ ደመናውን፣ ጭልፊቱን፣ ሕመሙን አውርቶላታል። ምናልባትም ያን ሁሉ መናገር የቻለው መልስ ስላልነበረ ይሆናል፤ እሷ ብትሰማው ኖሮ ገና በሁለተኛው ቃል ታቋርጠው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የተናገረው ወደ አየር ገብቶ ቀርቷል፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፣ ያለፈ ሞገድም ከየትም አይለቀምም። ይባስ ብሎ መልሳ “ምን ነበር ያልከኝ?” እንዳትለው ማሰራጫዋን በገዛ እጇ ሰጥታዋለች።

ባልየው በሩ ላይ ቆሞ አያት። “ማን ሞተ?” አለ።

“ማንም አልሞተም። ወንድሜ ታሟል። ሐኪም ምን እንዳለው አላውቅም። ነግሮኛል፣ ግን አላውቅም።”

“ነግሮሽ ካላወቅሽማ…”

“ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ አልሰማህም?” አለችና ፊቷን አዞረች።

ቀጣዩ ቅዳሜ ሳይደርስ መስሚያዋን ማደስ ነበረባት። በማግስቱ በጠረጴዛዋ ላይ ያን የሚያምር ትራንስፎርመር አውጥታ እንደ ባዕድ ሰው ሥራ አገላበጠችው። የወንድሟን መልእክት ቃል በቃል ታስታውሰው ነበር፤ ጆሮዋ የሰማውን ልቧ ነው ያልተቀበለው። አሁን በምሕንድስና አእምሮዋ ተከተለችው። አንድ ማሰራጫ ኃይል ሲያባክን ሰሚው ያጣል። መቀበያ ላይ ግን ትንሽ ቢባክን ምልክቱም ጫጫታውም እኩል ነው የሚቀንሱት፤ ድምፅ ማጉያውን ከፍ ማድረግ ነው እንጂ የሚጎድል ነገር የለም። የሚጎዳው ጫጫታው ብቻውን ሌላ መንገድ ሲያገኝ ነው። እሷ ያን መንገድ በገዛ እጇ ጠርጋለታለች። የቤቱና የሰፈሩ ጫጫታ የኬብሉን የመዳብ ልብስ ይዞ ወደ ጓሮ ይወጣል፤ ሁሉ በአንድ ስለታሰረ ሰተት ብሎ አንቴናው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ተኳኩሎ፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ መስሎ በኬብሉ ሆድ ይመለሳል። አራት ዓመት ስታዳምጥ የኖረችው የራሷን ቤት ነበር። ለማሰራጫ ደኅንነት የሆነው ሕግ ለመቀበያ ድንቁርና ነው፤ ይህን ደግሞ ከማሰራጫ ሰው በቀር ሌላ ሰው አይሳሳተውም ነበር።

ሰኞ መቀበያውን ሊገዛ የመጣውን ሰው በር ላይ ይቅርታ ጠይቃ መለሰችውና ወደ መለዋወጫ ዕቃ ሱቆቹ ጎዳና ሄደች። የምታውቀው ባለሱቅ እንዳያት ከመደርደሪያው ላይ ሰፊውን ቀለበት አወረደ።

“ለእርስዎ የሚመጥነው ይሄ ነው፣ እናቴ። ዝሆን ቢያልፍበት አይግልም።”

“የሚያልፍበት ዝሆን አይደለም፣ ልጄ። አንዲት ትንኝ ናት፤ እሷም ደክማለች። ሁለት ቀዳዳ ያላቸውን ትንንሾቹን አሳየኝ።”

ባለሱቁ ከአንድ ጣሳ ውስጥ ፌራይት የሚባሉ፣ ሽቦ የሚጠቀለልባቸው ጥቋቁር ቁራጮች ዘረገፈ፤ እያንዳንዱ እንደ ኮት ቁልፍ ሁለት ዓይን አለው፣ ከጣት ጥፍርም አይበልጥም። ከሁለት ዓይነት ገዛች። አንደኛው ድሮ ከቴሌቪዥን ጀርባ የሚሰካው ዓይነት ነው፤ ርካሽና ብዙ። ሁለተኛው ጠቆር ያለ ሆኖ ለዝቅተኛ ሞገድ የሚስማማ ነው።

“እኔ ልምረጥልዎ?” አለ ባለሱቁ።

“አይ፤ ሲመርጡልኝ እንቢ ብዬ ነው እዚህ የደረስኩት” አለችው። አልገባውም፤ ግን ከትህትና ሳቀ።

ቤቷ ገብታ ሁለቱንም ጠቀለለች። የተዘረጋው ሽቦ የሚያሳየው ተቃውሞ ከኬብሉ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ነው። ዘጠኝን ለማግባባት፣ ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ ነውና፣ የዙሮቹ ልዩነት ሦስት እጥፍ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ለኬብሉ ሁለት ዙር፣ ለሽቦው ስድስት ዙር። ሁለቱ ጥቅልሎች በአንድ ቀዳዳ ያልፋሉ፤ ግን የትም አይነካኩም። እንደ ጨዋ ጎረቤት በግድግዳ በኩል ይሰማማሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ጓዳ አይረግጥም። በሽቦው ቦታ ዘጠኝ እጥፍ የሆነ ተቃውሞ አስገብታ ከኬብሉ በኩል በመለኪያዋ አየች። የቴሌቪዥኑ ቁራጭ ለዚያ ዝቅተኛ ሞገድ ሰነፍ ሆነ፤ በስድስት ዙር ሞገዱን አልያዘውም፣ ዙር ቢጨመርለት ይሻሻል ይሆናል እንጂ። ጠቆር ያለው ግን ገና በመጀመሪያው ልክ ኬብሉ የሚፈልገውን አሳየ። እሱን መረጠች። ከዕድሜዋ ዘመን ትራንስፎርመሮች ሁሉ ትንሹ ነበር፤ በመዳፏ ላይ ስታስቀምጠው ክብደቱ አልተሰማትም።

የቀረው ግራውንዱ ነበር። ባልየውን መዶሻ አስይዛ ወደ ጓሮው ጥግ ወሰደችው፤ ከቤቱ ርቆ፣ ሽቦው በሚጀምርበት ቦታ፣ ለአንቴናው ለብቻው የሚሆን የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ሊመታ።

“ሰው መሬት ላይ በአንድ ቆሞ እንዲህ ይለያያል?” አለ ባልየው ላቡን እየጠረገ። “ሽቦውን ለየሽ፣ ጥቅልሉን ለየሽ፣ መሬቱን ለየሽ። በአንድ ግራውንድ የቀረ ትዳራችን ብቻ ነው።”

“ቀስ በል፣ እሱንም እንዳልለየው” አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን ያዘችው። ጆሮ ይህን ሥራ እንድትሠራ ሲጠይቃት ያስፈለጋት አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ የማይሞላ ጊዜ ነበር። አንድ ቁራጭ ፌራይት፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ሽቦና ትንሽ ትሕትና። ሁለቱ በእጇ ነበሩ።

ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ስትሞክረው ሹሽታው ቀንሶ፣ በጣም ርቆ፣ በሌላ ሰው ቤት የሚዘንብ ዝናብ መሰለ። ውሾች ጎረቤት ሲጮኹ ይሰማሉ፤ በሬዲዮው ውስጥ ግን ሌላ ጫጫታ የለም። ለባሏ ካለችው በቀር ስለ ወንድሟ አንድም ነገር ለቤተሰቡ አልተናገረችም። ልጇ ሁለት ጊዜ፣ “እማዬ፣ አሞሻል እንዴ? ዝም አልሽ እኮ” አለቻት።

ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻዋን ተቀመጠች።

“ጣቢያ፣ ጣቢያ፣ ጆሮ ነኝ። ደህና አመሸሽ፣ እትዬ።”

መብራት አልጠፋም፤ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፤ የውኃ መሳቢያው ይሠራል። እሱ ግን እዚያው አጠገቧ ያለ ያህል ተሰማት። ጥራቱ ራሱ ጎዳት፤ ምክንያቱም ድምፁ ያ የምታውቀው ድምፅ አልነበረም። ሻክሯል። በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ አሸዋ ላይ እንደሚጎተት ሣጥን ይጎተታል። ባለፈው ቅዳሜ ቀጭኑን ክር ስትሰማ ይህን አላወቀችም፤ ርቀቱ ሸፍኖት ነበር።

“ጉሮሮዬ ዛሬ ብሶበታልና አላስረዝምም። ረጅም ወሬ የሚያምርብሽ አንቺን ነው።” ሳል አቋረጠው። “ያልኩሽ ነገር እንደ ቆረጥኩት ነው። መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና እወርድና ጉሮሮዬ ውስጥ ያለውን ይቆርጡልኛል። ሐኪሙ ‘ሰውየውን እንጂ ድምፁን አናተርፍም’ ብሎኛል። ደግ ነው፤ ብዙም አልተጠቀምኩበትም፣ ከቅዳሜ በቀር። ከዚያ በኋላ በጣት፣ በሞርስ ምልክት እጠራሻለሁ፤ ነጥብና ሰረዝ አያስልም።”

የጣቢያ እጅ ሳታዘው ወደ ጠረጴዛው ቀኝ ጥግ ሄደ፣ ማይክሮፎኑ ድሮ ወደሚቆምበት። የጨበጠችው ባዶ ቦታ ነበር። “አለሁ!” አለች ቢሆንም፣ ጮክ ብላ፣ ለግድግዳው። “ሰምቼሃለሁ! እዚህ ነኝ!”

ድምፁ ግን እንደማይሰማ ሰው በራሱ መንገድ ቀጠለ።

“ሆስፒታሉ ቤተሰብ ያስመዝግቡ ብሎኛል። ስወጣ የሚቀበለኝ፣ ቁስሌ እስኪደርቅ የምጠጋበት ቤት። ምን ብዬ እንደመለስኩ ታውቂያለሽ? ‘እህት አለችኝ፤ ግን አትሰማኝም’ አልኩ። አልቀየምኩሽም፣ እትዬ። እኔ ነኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ንግግሩን ሁሉ ላንቺ ትቼ ዝም ያልኩት። ከታች ካለው ከተማ አንድ ክፍል እፈልጋለሁ። አንቺ ስለ እኔ አታስቢ። በቃ፤ የዛሬው ይኸው ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ድምፅ ካለኝ እመጣለሁ። ደህና እደሪ።”

ከዚያ በኋላ ንጹሕ ዝምታ ሆነ። ጣቢያ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ባልየው ራት ቀርቧል ሊላት መጥቶ፣ ከደጃፉ ተመለሰ።

በማግስቱ፣ ምሳ ላይ፣ ሳህኖቹ ሳይነሱ ጣቢያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ልጇ፣ አማቿና ባሏ ረጅም ንግግር እንደሚመጣ ያውቃሉና ወንበራቸውን አመቻቹ። እሷ ግን በአጭሩ ጀመረች።

“ወንድሜ ጉሮሮው ላይ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። ከዚያ በኋላ አይናገርም። እኔን ለአራት ዓመት በየቅዳሜው ሲጠራኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። የእሱ ጥፋት አልነበረም፤ የኔ ነው።”

ልጅቱ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

“መንገዱ እንደተከፈተ የመጀመሪያው የስንቅ መኪና ሲወጣ እኔም አብሬ እወጣለሁ። ሲወርድ አብሬው እወርዳለሁ፤ ሆስፒታልም አብሬው እገባለሁ። ሲወጣ የሚያርፈው እዚህ ነው፣ በሬዲዮው ክፍል፤ መቀበያው አይሸጥም፣ ሽቦውም አይነሳም። ለሕፃኑ የኛን መኝታ ቤት እንሰጣችኋለን፤ ትልቁም ፀሐይ የሚገባበትም እሱ ነው። እኔና አባትሽ ጓዳ አጠገብ ያለችው ትንሿ ክፍል ትበቃናለች።”

“እኔን ማን ጠየቀኝ?” አለ ባልየው። ቀልዱ ግን ከአንገቱ በላይ ነበር፤ ዓይኑ ረጥቧል።

ጣቢያ መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ዋጠችው። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፋ ወደ እሱ ዞረች።

“አሁን እየጠየቅሁህ ነው” አለች። “ተናገር። አላቋርጥህም።”